ውዱ ካንዴላና ትክክለኛው ካንዴላ

የድሮ መኪና ያለው ሰው ካንዴላ ሊገዛ ሱቅ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ጥሩው የቱ ነው?» ብሎ ነው። ባለሱቁም ብዙ አያስብም፤ ውዱን ያወጣል። ጥያቄው የተሳሳተ ስለሆነ ከመልሱ ብዙ መጠበቅ አይቻልም። ካንዴላ እንደ ስልክ «የዘንድሮው ከአምናው ይሻላል» የሚባልበት ዕቃ አይደለም። ለአንዱ ሞተር የሚስማማው ሌላውን ያበላሻል። መጠየቅ ያለበት «ይህ ሞተር የሚፈልገው የቱን ነው?» ተብሎ ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ ደግሞ ባለሱቁ ጋ የለም። መልሱ ያለው ሦስት ቦታ ነው፦ በመኪናው ማኑዋል፣ በካንዴላው ላይ በታተመው ቁጥር፣ ከሞተሩ በወጣው አሮጌ ካንዴላ ጫፍ ላይ።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ የቻናላችን ተከታታይ የላከልኝ መልእክት ነው። በ1972 የተሠራች ዳትሰን 240ዜድ አለችው (መኪናዋን የሚመለከቱ ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቆማ ስትሠራ ትንቀጠቀጣለች፣ ነዳጅ ነዳጅ ትሸታለች። አንድ ጋራዥ «ኢሪዲየም ካንዴላ ይግባላት፣ ትድናለች» አለው። ጓደኛው ደግሞ «የለም፣ ሞቃት ካንዴላ ነው የሚያስፈልጋት» አለው። ልጁ ግራ ገብቶት «አንተስ ምን ትላለህ?» አለኝ። መካኒክ አይደለሁም፤ የምጽፈው እንደ ጋዜጠኛ ነው። ነገር ግን ጉዳዩ የምሥጢር ጉዳይ አይደለም፤ አምራቾቹ ራሳቸው ጽፈው ያስቀመጡት ነው። የምለው ነገር ደግሞ ለእሱ ብቻ የሚሆን ስላልሆነ እዚህ አደባባይ ላይ ልመልስለት ወሰንኩ።

«የወቅታዊ ጉዳይ ቻናል ላይ የካንዴላ ወሬ ምን ይሠራል?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ይሠራል። ጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ይፋ አድርጓል። ውሳኔውን ደግፉትም ተቃወሙትም አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ዛሬ በጎዳናችን ላይ ያሉት የቤንዚን መኪኖች በአዋጅ አይተኑም። እንዲያውም ምትክ ስለማይገባላቸው ዕድሜያቸው ይረዝማል። የአገሩ መኪና በሙሉ እያረጀ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ቨርጂኒያ ያለው ልጅ ስለ ትርፍ ሰዓት መጫወቻው የጠየቀው ጥያቄ አዲስ አበባ ላይ በዲኤክስ ወይም በላዳ እንጀራውን ለሚጋግር ሰው የኑሮ ጥያቄ ነው። የእሱ መኪና ስፖርት መኪና መሆኗ ነገሩን ይበልጥ አጉልቶ ያሳየናል እንጂ መርሁን አይለውጠውም።

እስቲ መጀመሪያ መኪናዋን እንወቃት። 240ዜድ በጥቅምት 1969 ጃፓን ውስጥ ፌርሌዲ ዜድ በሚል ስም ቀረበች። ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 2393 ሲሲ ሞተር አላት። የሞተሩ ብሎክ ብረት፣ ቴስታታው ግን አሉሚኒየም ነው። ነዳጅ የሚያጠጧት ሁለት የሂታቺ ካርቡራተሮች ናቸው። አሜሪካ ስትገባ ዋጋዋ 3,526 ዶላር ነበር፤ የአውሮፓ ስፖርት መኪና መግዛት ለማይችል ሰው በር የከፈተች መኪና ናት። ለአፍሪካም እንግዳ አይደለችም። በ1971 እና በ1973 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን አሸንፋለች፤ በ1973 ያሸነፈው ሾፌርም የምሥራቅ አፍሪካው ሼካር ሜህታ ነበር። ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ደጋ በሚወጣ፣ አቧራና ጭቃ በሚፈራረቁበት መንገድ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሮጠች መኪና ናት። በዚያ ዘመን ኢሪዲየም ካንዴላ ለመኪና ገበያ አልቀረበም ነበር።

አሁን ወደ ካንዴላው እንምጣ። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀውን የነዳጅና የአየር ድብልቅ በትክክለኛዋ ቅጽበት በብልጭታ ያቀጣጥላል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ካንዴላ በደቂቃ 1,500 ጊዜ፣ በሴኮንድ 25 ጊዜ ይተኩሳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ካንዴላ ሁለተኛ ሥራ እንዳለው ነው። በጫፉ ላይ የሚከማቸውን ሙቀት ወደ ቴስታታው ማስተላለፍ አለበት። የካንዴላ ምርጫ ጉዳይ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው።

የካንዴላው ጫፍ ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ካልደረሰ የሚያርፍበትን ጥላሸት አቃጥሎ ራሱን ማጽዳት አይችልም። ጥላሸቱ ይከማቻል፤ ኤሌክትሪኩም በክፍተቱ ላይ ዘልሎ ብልጭታ በመስጠት ፈንታ በጥላሸቱ በኩል ሾልኮ ይጠፋል። ሞተሩ ይንተባተባል። በሌላ በኩል ጫፉ ከ850 ዲግሪ እያለፈ ከሄደ እንደ ፍም ይግላል፤ ብልጭታው ሳይመጣ ድብልቁን ራሱ ያቀጣጥለዋል። ይህ ያለ ጊዜው መቀጣጠል ፒስቶን የሚያቀልጥ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሜዳ ነው የካንዴላው መኖሪያ።

«ሞቃት ካንዴላ» እና «ቀዝቃዛ ካንዴላ» የሚባሉት ከዚህ የመጡ ናቸው። ስያሜው ስለ ብልጭታው ጉልበት አይናገርም፤ ሞቃት ካንዴላ የበለጠ ትኩስ እሳት አይሰጥም። ልዩነቱ ያለው በውስጡ ባለው ነጭ ሴራሚክ ላይ ነው። የሴራሚኩ አፍንጫ ረጅም ከሆነ ሙቀቱ ለመውጣት ረጅም መንገድ ይጓዛል፤ ጫፉ እንደጋለ ይቆያል፤ ሞቃት ይባላል። አጭር ከሆነ ሙቀቱ ቶሎ ይወጣል፤ ቀዝቃዛ ይባላል። ጸጥ ብሎ በከተማ ለሚነዳ ሞተር ወደ ሞቃቱ፣ በኃይል ለሚጋለብ ሞተር ወደ ቀዝቃዛው ይጠጋል። እንግዲህ «መኪናዋ ስፖርት ናት፣ ሞቃት ካንዴላ ጉልበት ይጨምርላታል» የሚለው ምክር ከሥሩ የተገለበጠ ነው። ካንዴላ ለሞተር ጉልበት አይጨምርም። የሚችለው ያለውን ጉልበት አለማባከን ነው።

ግራ መጋባቱን የሚያብሰው ደግሞ የቁጥሩ ነገር ነው። ኤንጂኬ እና ዴንሶ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ቦሽ እና ቻምፒዮን ዘንድ ግን ተቃራኒው ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይሞቃል። የኤንጂኬ 6፣ የዴንሶ 20፣ የቦሽ 7 እና የቻምፒዮን 9 በግምት አንድ ደረጃ ላይ ያሉ ናቸው። ይህን የማያውቅ ሰው የኤንጂኬ 6 አጥቶ «ቦሽም 6 አለው፣ ያው ነው» ብሎ ቢገዛ ሳያውቀው ቀዝቃዛ ካንዴላ ገዝቷል። አንድ ደረጃ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ኤንጂኬ እንደሚለው የጫፉን ሙቀት ከ70 እስከ 100 ዲግሪ ይለውጣል።

ለ240ዜድ ለረጅም ዓመታት የሚታወቀው ካንዴላ የኤንጂኬ «ቢፒ6ኢኤስ» ነው። ፊደሎቹ ጌጥ አይደሉም፣ እያንዳንዳቸው ይናገራሉ። «ቢ» የጥርሱ ስፋት 14 ሚሊ ሜትር ነው ይላል። «ፒ» የሴራሚኩ ጫፍ ወደ ውስጥ ወጣ ያለ ነው ማለት ነው። «6» የሙቀት ደረጃው ነው። «ኢ» የጥርሱ ርዝመት 19 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይናገራል። «ኤስ» መደበኛውን፣ መሐሉ መዳብ የሆነ ኤሌክትሮድ ያመለክታል። በ«ፒ» እና በ«6» መካከል «አር» ከተጨመረበት ደግሞ ውስጡ ሬዚስተር አለው ማለት ነው፤ የሬድዮ ጩኸትን ይቀንሳል። አምስት ፊደልና ቁጥር ማንበብ የቻለ ሰው በባለሱቅ ምላስ አይመራም።

በተለይ «ኢ» የምትለዋን አትናቋት። ጥርሱ ከሚገባው ያጠረ ካንዴላ ጫፉ ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፤ ባዶ በቀረው የቴስታታ ጥርስ ላይ ደግሞ ካርቦን ይጋገራል፤ በኋላ ትክክለኛው ሲመጣ አልገባም ይላል። የረዘመ ከሆነ ወደ ውስጥ የወጣው ጥርስ ይግላል፤ ከባሰም ፒስቶኑ ይመታዋል። «ስለገባ ገጠመ» አይባልም።

ወደ ዋናው ክርክር ልምጣ። ኢሪዲየም መጥፎ ነው ወይ? አይደለም። ለኢሪዲየም ፍትሐዊ እንሁን። ኒኬል በ1,455 ዲግሪ ሲቀልጥ ፕላቲኒየም በ1,768፣ ኢሪዲየም ደግሞ በ2,446 ዲግሪ ነው የሚቀልጠው። ጠንካራ ስለሆነ ጫፉን እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ማቅጠን ይቻላል፤ የመደበኛው 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጭን ጫፍ በአነስተኛ ቮልቴጅ ይተኩሳል፣ ቶሎም አያልቅም። ካንዴላው በሞተር ሥር ለተቀበረበትና ለመቀየር ግማሽ ቀን ለሚፈጅ ዘመናዊ መኪና ይህ ትልቅ ነገር ነው። አምራቹ ኢሪዲየም ያዘዘለት ሞተር ኢሪዲየም ይግባለት፤ እዚያ ላይ በርካሽ መተካት ራሱ ጥፋት ነው።

ለ240ዜድ ግን ሒሳቡን እንሥራው። መደበኛ ካንዴላ በካርቡራተር ሞተር ላይ 20,000 ኪሎ ሜትር ይሠራል እንበል። እንዲህ ያለች መኪና ያለው ሰው በዓመት 3,000 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ብዙ ነዳ። ስለዚህ መደበኛው ካንዴላ ከስድስት ዓመት በላይ ይቆየዋል። ኢሪዲየሙ 100,000 ኪሎ ሜትር ቢኖር ሠላሳ ሦስት ዓመት ማለት ነው። ሦስትና አራት እጥፍ ከፍሎ ለልጁ የሚያወርሰው ካንዴላ የሚፈልግ ይኖር ይሆናል። ሆኖም የካርቡራተር ሞተር ካንዴላ ለመታየት ጭምር እየተፈታ የሚገጠም ነው። ኮፋኖውን ስትከፍቱ ስድስቱም በረድፍ ይታያሉ፤ በአሥራ አምስት ደቂቃ ይፈታሉ። ዕድሜ የሚሸጥላችሁ ዕቃ የዕድሜ ችግር በሌለበት ቦታ ምን ይጠቅማችኋል? ያ ቀጭን ጫፍም ክፍተቱን ለማስተካከል የሚጎረብጥ እጅ ሲነካው በቀላሉ ይሰበራል።

ስለ ክፍተት ካነሳን፣ በ240ዜድ ላይ ከ0.8 እስከ 0.9 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ቁጥር ብልጭታውን ከሚያመነጨው ሥርዓት ጋር የተሳሰረ ነው። 240ዜድ ከፋብሪካ ስትወጣ ብልጭታዋን የሚቆጣጠረው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ በሜካኒካል መንገድ የሚከፈትና የሚዘጋ ኮንታክት ነበር። የኮይሉ አቅምም ውስን ነው። ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ለመዝለል ተጨማሪ ቮልቴጅ ያስፈልጋል። ክፍተቱን አስፍቶ «እሳቱ ይበዛል» ያለ ሰው በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ብልጭታ ሲጠፋ ያየዋል። ባለቤቱ ዲስትሪቢዩተሩን ወደ ኤሌክትሮኒክስ አስቀይሮ ከሆነ ሁኔታው ይለወጣል፤ ያን ጊዜ የገጠመውን ዕቃ አምራች መመሪያ ማየት ነው፤ ሬዚስተር ያለው ካንዴላ የሚያስፈልገውም ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው። አዲስ ካንዴላ ስለሆነም ክፍተቱ ልክ ነው ብላችሁ አትመኑ። ካርቶኑ ወድቆ ሊሆን ይችላል። በመለኪያ ይታይ።

አሁን ወደ ልጁ መኪና ሕመም እንመለስ። ትንቀጠቀጣለች፣ ነዳጅ ትሸታለች። ይህ የካንዴላ በሽታ ነው ወይስ ካንዴላው ላይ የታየ የሌላ በሽታ ምልክት? እኔን የሚያበሳጨኝ እዚህ ላይ ያለን ልማድ ነው። ካንዴላ ከሞተሩ ሆድ ገብቶ የሚወጣ፣ ያየውን የሚናገር ምስክር ነው። ጫፉ ቡናማ ወይም ፈዛዛ ግራጫ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ነዳጁ በዝቷል ወይም ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው። ዘይት ከነካው ዘይት ከፒስቶን ቀለበት ወይም ከቫልቭ በኩል እየሾለከ ነው። ነጭ ሆኖ እንደ ብጉር ያሉ ነጥቦች ካሉበት በጣም ግሏል፤ ነዳጁ አንሷል፣ ብልጭታው ቀድሟል፣ ወይም ካንዴላው ሞቃት ነው። በዛሬው ቤንዚን ቀለሙ እንደ ድሮው ጎልቶ ላይታይ ይችላል፤ ቢሆንም ስድስቱን ጎን ለጎን ደርድሮ ማየት ብዙ ይናገራል። አምስቱ ደህና ሆነው አንዱ ብቻ ከጠቆረ ችግሩ ያ ሲሊንደር ነው። ስድስቱም ከጠቆሩ ችግሩ የጋራ ነው። ሦስቱ ብቻ ከጠቆሩስ? 240ዜድ ሁለት ካርቡራተር አላት፤ እያንዳንዱ ሦስት ሲሊንደር ይመግባል። የትኛውን ካርቡራተር ማየት እንዳለባችሁ ካንዴላው ነገራችሁ።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ምስክሩን እንጥለዋለን። ፈትተን፣ ሳናይ ወርውረን፣ አዲስ እንገጥማለን። አዲሱ ንጹሕ ስለሆነ ለጥቂት ቀን ይሻላታል። «አየህ፣ ካንዴላ ነበር!» ይባላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ጥላሸት፣ ያው መንተባተብ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ልጁ የነገረኝ የነዳጅ ሽታ ካለ መጀመሪያ ማየት ያለበት የሂታቺ ካርቡራተሮቹን ነው። በእነዚህ ካርቡራተሮች ጠዋት ለማስነሳት የሚሳበው መጎተቻ የነዳጁን አፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ተመልሶ ካልወጣ መኪናዋ ቀኑን ሙሉ ነዳጅ እንደበዛባት ትውላለች። ይህን ኢሪዲየም አይፈውሰውም። ሞቃት ካንዴላም ጥላሸቱን ቢያቃጥልለት በሽታውን ይሸፍንለታል እንጂ አያድነውም። ነዳጁ አንድ ቀን ሲስተካከል ደግሞ ያ ሞቃት ካንዴላ ራሱ አደጋ ይሆናል።

የአገር ቤት አንባቢ አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ወለሉ ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ካርቡራተር ግን አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ለባሕር ወለል የተስተካከለውን ያህል ነዳጅ ይለቅቃል። ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ የካርቡራተር መኪና ደጋ ሲወጣ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል። ዛሬም በከተማችን የምናያቸው አሮጌ መኪኖች ጥቁር ጭስ ሲያጨሱ «ካንዴላ ጨርሷል» ይባላል። ካንዴላው አልጨረሰም፤ ማስተካከል ያለበት ካርቡራተሩ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ?

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ልለፈው አልፈልግም። «ማኑዋሉ ከሃምሳ ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። ቤንዚኑ ተለውጧል፤ ሞተሩም አርጅቷል። ለምን የድሮ ቁጥር እንከተላለን?» ይባላል። እውነት አለበት። በዚያን ጊዜ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ነበር፤ የሰሐራ በታች አፍሪካ እንኳ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን በፈረንጅ አቆጣጠር እስከ 2006 አስወግዷል። እርሳሱ ካንዴላ ላይ ዝቃጭ ይተው ስለነበር መቅረቱ ለካንዴላው ዕረፍት ነው እንጂ ሸክም አይደለም። ሞተሩ ዘይት ከበላ ወይም ኮምፕሬሽኑ ተጨምሮ፣ ተሻሽሎ ለውድድር ከዋለ አንድ ደረጃ መለወጥ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ግን ልብ በሉ፦ ከማኑዋሉ ቁጥር ተነስቶ፣ በማስረጃ፣ አንድ ደረጃ ብቻ። ማኑዋሉ የመነሻ ነጥብ ነው። መነሻ የሌለው ሰው ምን ያህል እንደራቀ እንኳ አያውቅም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመካኒኮቻችን ወገን ይመጣል። «እኛ ስንሠራ የኖርነው በእጃችንና በጆሮአችን ነው፤ ማኑዋል ማን አየ?» ይላሉ። ለእነዚህ ሰዎች ትልቅ አክብሮት አለኝ። ያለ መለዋወጫ፣ ያለ መሣሪያ ይህን ሁሉ መኪና አቁመው ያስኬዱት እነሱ ናቸው። ጆሮአቸው ዋጋ የለውም የሚል ካለ አላዋቂ ነው። የእኔ ክርክር ግን ከእነሱ ጋር ሳይሆን ዕውቀታቸውን ከሚያራክሰው ልማድ ጋር ነው። ካንዴላ አንብቦ ሕመም መለየት የድሮ መካኒክ ጥበብ ነበር። ያንን ጥበብ «አዲስ ቀይርና ሂድ» በሚል ችኮላ እየቀበርነው ነው። ኮምፒውተር ሰክቶ ስህተት የሚያነብ ማሽን ለካርቡራተር መኪና አይሠራም። ይህን ዕውቀት ወጣቶቹ ካልወረሱት የቀሩት አሮጌ ሞተሮች የሚያያቸው ሐኪም ያጣሉ።

የመጨረሻውና ከባዱ ጉዳይ የሐሰት ዕቃ ነው። ካንዴላ በዓለም ላይ በብዛት ከሚመሳሰሉ መለዋወጫዎች አንዱ ነው፤ ታላላቆቹ አምራቾች በተደጋጋሚ ማስጠንቀቂያ አውጥተውበታል። ካርቶኑ ያው፣ ስሙ ያው፣ ውስጡ ግን ሌላ። የሐሰት ካንዴላ አደጋው ገንዘብ ማባከን ብቻ አይደለም። ላዩ ላይ «6» ተጽፎ ሴራሚኩ የየትኛው ደረጃ እንደሆነ ማንም ስለማያውቅ ከላይ ያወራነውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ስትገዙ እነዚህን ተመልከቱ፦ የመሐሉ ኤሌክትሮድ ቀጥ ብሎ መሐል ላይ ይቆማል፤ ከላዩ የሚታጠፈው ብረት በትክክል ይሸፍነዋል። በሴራሚኩ ላይ ያለው ጽሑፍ ጥርት ያለ ነው፣ በጥፍር አይፋቅም። ጥርሱ ንጹሕና እኩል ነው። ከጥርሱ ሥር ያለችው የብረት ቀለበት በቀላሉ ተንሸራታ አትወጣም። ስድስቱን ስትደረድሩ ስድስቱም አንድ ይመስላሉ። ዋጋው «ይህን ያህልማ አይረክስም» የሚያሰኝ ከሆነ አይረክስም፤ ሐሰት ነው።

እዚህ ላይ ሸማቹን ብቻውን መተው ተገቢ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። መብቱ ወረቀት ላይ አለ። ሶማሌ ተራ ገብቶ «ይህ ካንዴላ ከየት መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ግን እንደ ነገረኛ ነው የሚታየው። የመኪና ማስገባት ፖሊሲ ያወጣ መንግሥት እዚህ የቀሩት መኪኖች በምን መለዋወጫ እንደሚኖሩም ማሰብ ነበረበት። ለሚመጣው የኤሌክትሪክ መኪና የሚሰጠው ትኩረት ሩቡ እንኳ ላለው መኪና ጤና ቢሰጥ በነዳጅም በጭስም የሚድነው ብዙ ነው። በሐሰት ካንዴላ የሚንተባተብ ሞተር ቤንዚኑን ሳያቃጥል በጭስ ማውጫው ይተፋዋል፤ ያንን የሚተነፍሰው ደግሞ በመንገዱ የሚያልፈው ሁሉ ነው።

እንግዲህ ለጠያቂዬ መልሴን በአጭሩ ላስቀምጥ።

▪️ አሁን ያሉትን ስድስት ካንዴላዎች ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ፍታቸው። ገመዶቹን እንዳታቀያይር ምልክት አድርግባቸው። በሲሊንደር ቅደም ተከተላቸው ደርድረህ ፎቶ አንሳቸው። እንዳትጥላቸው።

▪️ ቁጥራቸውን አንብብ። ከማኑዋሉ ጋር አይገጥምም? ግማሽ መልስህን አገኘህ።

▪️ ካርቡራተሮቹን አስይ፤ መጎተቻው ሙሉ በሙሉ መመለሱን፣ ሁለቱ እኩል መሥራታቸውን።

▪️ ከዚያ መደበኛውን ቢፒ6ኢኤስ ወይም የሌላ አምራች ተመጣጣኙን ግዛ። ሞተሩ ካልተነካካ ኢሪዲየም አያስፈልግህም፤ ሞቃትም አያስፈልግህም። ክፍተቱን በመለኪያ አረጋግጥ።

▪️ ስትገጥም መጀመሪያ በእጅህ አዙር እንጂ በመፍቻ አትጀምር። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ጠማማ የገባ ካንዴላ ጥርሱን ይበላዋል፤ ያ ደግሞ ከካንዴላ ዋጋ ጋር የማይነጻጸር ወጪ ነው። በእጅ ከቆመ በኋላ አዲስ ቀለበት ያለውን ካንዴላ በመፍቻ ግማሽ ዙር ያህል ማጥበቅ ይበቃል። ጉልበት ማሳያ ቦታ አይደለም።

▪️ አንድ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ነድተህ እንደገና ፍታና እይ። ቡናማ ከሆነ በርታ። ከጠቆረ ካንዴላውን አትውቀስ።

ይህን ሁሉ ለመሥራት ከአንድ ቅዳሜ ጠዋት በላይ አይፈጅም፤ ወጪውም ከኢሪዲየሙ ዋጋ ያነሰ ነው። ውድ ነገር መግዛት ከማሰብ ይቀላል፤ ስለዚህ ነው ገበያው የሚወደው። ሞተሩ ግን የከፈላችሁበትን ደረሰኝ አያነብም። የሚያነበው የሙቀት ደረጃውን፣ የጥርሱን ርዝመትና ክፍተቱን ነው።

ከእናንተ መካከል የካርቡራተር ሞተር ላይ ዕድሜያችሁን ያሳለፋችሁ መካኒኮች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ካንዴላ አንብባችሁ ያገኛችሁትን፣ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው የምትለዩበትን ዘዴ ከታች ጻፉልን። ለጀማሪው ከየትኛውም ማስታወቂያ ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ሰላም ዋሉ።